ከላይ ጅብ፣ ከታች አህያ

በተረቱ ጅብ ከወንዙ በላይ፣ አህያ ደግሞ ከወንዙ በታች ሆነው ውኃ ይጠጣሉ። ጅቡ ቀና ብሎ ያያትና «ውኃዬን አታደፍርሺብኝ!» ይላታል። አህያዪቱም ውኃ ሽቅብ እንደማይፈስ ለማስረዳት ጊዜ ሳታባክን፣ «ያሰብከው ካለ ሳታመካኝ ብላኝ» ብላ ትገላገላለች። ይህ ተረት እኛ ሠፈር፣ አዲስ አበባ ሲ.ኤም.ሲ. ውስጥ በየዓመቱ ከሰኔ ሚካኤል እስከ መስከረም መባቻ ይደገማል። ልዩነቱ እኛ ዘንድ እያንዳንዱ ቤት ከበላዩ ላለው አህያ፣ ከበታቹ ላለው ጅብ መሆኑ ነው። ሁሉም የመጣበትን ውኃ በደንብ ያውቃል። የሰደደውን ግን ጠይቆት አያውቅም።

መሬቱም ለዚህ ጠብ የተመቸ ነው። በሰሜን የእንጦጦና የየካ ተራሮች፣ በደቡብ ሰሚትና ጎሮ፤ ከሰሜን ወደ ደቡብ ቀስ እያለ ያዘቀዝቃል። ተራራው ላይ የወረደው ዝናብ በኮተቤ በኩል የአስፋልቱን ጥቀርሻና የግንባታውን አሸዋ ለቃቅሞ፣ ደፍርሶና ተቆጥቶ ይደርሰናል። ከእኛ በኋላ ትልቁ አቃቂ ውስጥ ይገባል፤ ከአቃቂ አባ ሳሙኤል፣ ከአባ ሳሙኤል አዋሽ። አዋሽ ደግሞ ባሕር የማያይ ወንዝ ነው፤ አፋር ወርዶ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ፣ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። ስለዚህ ከእኛ ሠፈር ዲች የተነሣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ቆቃ ግድብ ካላስቀረው በቀር፣ ያለ ፓስፖርት ድንበር ይጠጋል ማለት ነው። የሠፈራችንን ሰው የሚያሳስበው ግን የጠርሙሱ መንገድ ሳይሆን የላይኛው ጎረቤቱ ነው።

ሠፈሩ ስሙን የወረሰው ከአንድ የጣሊያን የግንባታ ድርጅት ስለሆነ ሲሚንቶ ቢወድ አይፈረድበትም። እዚህ «ግቢው ጽድት ያለ ነው» ከተባለ አንድም ቅጠል አልበቀለበትም ማለት ነው። አቅም ያለው ሴራሚክ፣ መካከለኛው ኮብልስቶን፣ የቀረው ሊሾ። አጥሩ ላይ የጠርሙስ ስባሪ ወይም እሾሃማ ሽቦ፣ በሩ አጠገብ በማሰሮ የቆመ አንድ ፓልም፤ በቃ፣ አትክልት ተተከለ። ነገሩ ከክፋት የመጣ አይደለም። ልጅነቱን ክረምት ከክረምት ከጫማው ላይ ጭቃ ሲፍቅ ያሳለፈ ሰው ሊሾ ቢያፈቅር እረዳዋለሁ። ችግሩ ሊሾ ውኃ አይጠጣም። ያልጠጣውን ደግሞ ለጎረቤት ያቀርባል።

የላይኛው ጎረቤቴ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። ግቢያቸውን ሲያስነጥፉ ከሠራተኞቹ ጋር ተንበርክከው፣ በውኃ ልክ እየለኩ፣ አንዲት ጠብታ እንዳትቋጥር አድርገው ነው ያሠሩት። ሐምሌ ላይ የደጃፌ ኮብልስቶን በሥሩ ያለው አሸዋ ታጥቦ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሄጄ አንኳኳሁ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ ውኃ እኛ በር ላይ እየወረደ ነው።»

«ሁለት ፐርሰንት ስሎፕ ነው የሰጠሁት!» አሉኝ ኮራ ብለው። «ጠብ አትልም።»

«እርስዎ ጋ ነው ጠብ የማትለው፣ ጋሼ።»

«እህ! ታዲያ እኔ ጋ አይደል እንዴ የሠራሁት?»

ለዚህ መልስ የለኝም ነበር። ወደ ቤቴ ስመለስ ከበታቻችን የሚኖሩት እማማ በራቸው ላይ ቆመው፣ ነጠላቸውን ከፍ አድርገው፣ እግራቸው ሥር የሚያልፈውን ጎርፍ ያያሉ። «ልጄ፣ ያንተ ውኃ ደርሶኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ» አሉኝ፣ ልክ ከውጭ አገር የተላከ ዕቃ እንደተረከበ ሰው።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንምጣ፤ ሒሳቡ ያስቃል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ይሆናል። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘንብባታል፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። እንግዲህ ጣሪያዎ 100 ካሬ ሜትር ቢሆን በዓመት 120,000 ሊትር ይወርድበታል። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ቢደረደር 60 ሮቶ ነው። በባለ 10,000 ሊትር ቦቴ ቢታሰብ 12 ቦቴ ነው። የሚተነውና በአሸንዳው ቀዳዳ የሚያንጠባጥበው ይቀነስ ቢባል እንኳ ብዙ ነው። ይህን ሁሉ ቦቴ በአሸንዳ ተቀብለን፣ በቱቦ አውርደን፣ በስሎፕ ሸኝተን ስናበቃ፣ ሌሊት ተነሥተን የፈረቃ ውኃ መጣች አልመጣች እያልን ቧንቧ ሥር እንቆማለን። ከላይ በነፃ የሚወርደው «ኧረ በቃህ» ይባላል፤ በፈረቃ የምትመጣዋ እልል ትባላለች።

በዓመት አንድ ቀን ብቻ ለዝናብ ክብር አለን፤ ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል። ያን ቀን ጃንጥላ የያዘ ሰው ይታዘንለታል። ሕፃኑም አዋቂውም ደጅ ወጥቶ ይጠመቃል፤ ባልዲና ሳፋ ይደረደራል። ጋሼ ራሳቸው ሴራሚኩ መሐል ቆመው፣ ኮፍያቸውን አውልቀው ሲረጠቡ አይቻለሁ። በማግስቱ ያው ዝናብ ተመልሶ «የማዘጋጃ ቤት ጉዳይ» ይሆናል።

የማዘጋጃ ቤቱ ጉዳይ ደግሞ እንዲህ ነው። ግንቦት ላይ ዲች ይጠረጋል። ደለሉ፣ ጠርሙሱና ፌስታሉ ተዝቆ ከዲቹ አፍ ላይ ይከመራል፤ የሚመለከተው አካል መኪና ይዞ መጥቶ እስኪያነሣው ይጠበቃል። ቀድሞ የሚመጣው ግን የሰኔ ዝናብ ነው። ደለሉን ወደነበረበት ይመልሰዋል። የጣሪያ ውኃቸውን በድብቅ ከፍሳሽ መስመር ጋር ያገናኙ ብልጦችም አሉ፤ የእነሱ ነገር የሚታወቀው ሐምሌ ላይ የማንሆሉ ክዳን ሲነሣ ነው። ዝርዝሩን እዚህ አላነሣም፤ ምሳ ሰዓት ላይ የሚያነብ ይኖራል።

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ዘመድ አለችኝ። ስለ ጋሼ ውኃ ሳማርር ሳቀች። እነሱ የሚኖሩበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ለጎርፍ ውኃ ያስከፍላል። ጣሪያህ፣ ያነጠፍከው የመኪና መግቢያህ፣ ውኃ የማያሰርገው ቦታህ ሁሉ ተለክቶ፣ እሱን ተመልክቶ ሒሳቡ ከንብረት ግብሩ ጋር ይመጣል። ግቢህ ውስጥ ውኃ የሚሰርግበት ቦታ ቆፍረህ የአገሩን ተክል ከተከልክበት ደግሞ ካውንቲው ከወጪህ ላይ ያግዝሃል። የዚህ ዓይነቱ ጉድጓድ ሐሳብ የተጀመረውም እዚያው ጎረቤት፣ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ገደማ ነው። ለአዲስ መኖሪያ መንደር በቱቦና በኩሬ ፋንታ ለየቤቱ አንዳንድ ጎድጓዳ የአትክልት መደብ ተሠራለት። «ሬይን ጋርደን ነው የምንለው፤ እኔም ደጄ ላይ አለኝ» አለችኝ፤ ፎቶም ላከች።

ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። «የዝናብ ግብር?»

«አዎ፣ ጋሼ። በካሬ።»

ዞር ዞር አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ዝም በል! ግድግዳ ጆሮ አለው። ሰምተው እዚህም ያመጡታል።»

የሜሪላንዱን ነገር እንዳለ ሲ.ኤም.ሲ. ላይ መገልበጥ ግን አይቻልም። እኛ የተቀመጥነው ጥቁር አፈር ላይ ነው። ይህ አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ውስጥ የገባ ቁልፍ የበጋ ሲሳይ ሆኖ ይቀራል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ያብጥና አፉን ይገጥማል፤ ከዚያ በኋላ ውኃ ወደ ታች ማሳለፍ አይሆንለትም። ሲያብጥና ሲኮማተር ግድግዳ የሚሰነጥቀውም እሱ ነው። ስለዚህ ጉድጓዱ ከቤቱ መሠረት መራቅ አለበት፤ ሌላ አገር ሦስት ሜትር ይበቃል ይላሉ፣ ጥቁር አፈር ላይ ቦታ እስካለ ድረስ ቢጨመርበት አይጎዳም። ከሴፕቲክ ታንኩም እንደዚሁ። ጥቁሩ ተዝቆ ይወጣና ሬድ አሽ፣ ብስባሽና ለም አፈር ተደባልቆ ይገባበታል። ላዩ ከአካባቢው አንድ ስንዝር ያህል ዝቅ ብሎ ይቀራል። በታችኛው ጠርዝ በኩል ደግሞ ከመጠን ያለፈው ውኃ በጨዋ ደንብ ወደ ዲች የሚሄድበት መውጫ ይበጅለታል።

የእኛን ጉድጓድ የቆፈረልን ዘበኛችን ነው። የመንዝ ሰው ነው፤ ሥራ ከጨረሰ በኋላ እንጂ በፊት አይጠይቅም። ጥቁሩን አፈር አውጥቶ፣ ሬድ አሹን ሞልቶ፣ አካፋውን ተደግፎ ቆመና፣ «ጋሼ» አለኝ፣ «ሰው ገንዘብ ከፍሎ ረግረግ ያስወጣል እንጂ ያስገባል?»

ተክሉን ፍለጋ መንገድ ዳር ካሉት ችግኝ ሻጮች ዘንድ ሄድኩ። ፋይከስ አለ፣ ዱራንታ አለ፣ ቦገንቪሊያ በየቀለሙ አለ። ግራዋ አለ ወይ ስል ልጁ ከት ብሎ ሳቀ። «ጋሼ፣ ግራዋ ይሸጣል እንዴ?» ስሚዛስ? «እሱማ አጥር ነው።» ዳማ ከሴስ? «ምች መታዎት?» እንግዲህ አስቡት። ኢትዮጵያና ኤርትራ ውስጥ የሚበቅሉት ዕፅዋት ከ1980 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. በተካሄደ ሥራ አንድ በአንድ ተመዝግበው ብዙ ቅጽ መጽሐፍ ወጥቷቸዋል። 6,000 ያህል ዝርያ አለን፤ ከአሥሩ አንዱ ገደማ ሌላ የትም አይገኝም። ከዚህ ሁሉ መሐል ችግኝ ሻጩ ዘንድ የደረሰው የብራዚል ቦገንቪሊያ ነው። ቦገንቪሊያን አልጠላም፤ አጥር ላይ ሲንዠረገግ ያምራል። ግን ቀለሙ ቅጠል ነው፤ ንብ ዞራው ትሄዳለች። የአገር በቀሉን ማየት የሚፈልግ ሰው ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ጎራ ይበል፤ 705 ሄክታር ነው፣ ለእግር ጉዞም ይበቃል።

ዘበኛችን የችግኝ ሻጩን መልስ ስነግረው ተናደደ። ቅዳሜ ወጥቶ አመሻሹ ላይ አንድ ሸክም ቅርንጫፍና በፌስታል የተጠቀለለ ሥር ይዞ ተመለሰ። ከየት እንዳመጣው ገና አልነገረኝም፤ አልጠየቅኩትምም። ከጉድጓዱ መሐል ቄጠማ ተከለ፤ ክረምት እግሩን ውኃ ውስጥ ነክሮ የሚኖር፣ በበጋ ላዩ ደርቆ ሥሩ የማይሞት ነው። ጠርዙ ላይ ዳማ ከሴ። አጥሩን ተከትሎ ስሚዛ። ጥግ ላይ ግራዋ። በእሾሃማው ሽቦ ፋንታ ደግሞ ቀጋ። ቀጋን ሌባ ያውቀዋል፤ የጠርሙስ ስባሪ የሚያደርገውን ሁሉ ያደርጋል፣ በተጨማሪም ነጭ አበባ ያወጣል፣ ፍሬውም ይበላል። እናቶቻችን ይህን ሁሉ በየጓሯቸው ያኖሩት ስለ ጎርፍ ተጨንቀው አይደለም፤ ግራዋው ለጠላ ጋን ማጠቢያ፣ ዳማ ከሴው ለምች፣ ስሚዛው ለአጥር ነበር። ውኃው በዚያው ይሰርግ ነበር፤ ንቡም በዚያው ይቀስም ነበር።

አደይ አበባን በተመለከተ ሠፈራችን ውስጥ የሚፈጸመው ነገር በአዋጅ መከልከል ያለበት ነው። ነሐሴ ላይ አትክልተኛ ተጠርቶ፣ ተከፍሎት፣ በአጥሩ ሥር የበቀለውን «አረም» ነቅሎ ይጥላል። አረሙ አደይ አበባ ነው፤ ገና አላበበም። ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ያው ባለቤት መኪናውን አቁሞ፣ ከተራራው ወርደው ከሚሸጡ ልጆች አደይ አበባ በእቅፍ ይገዛል። ለመንቀያም ከፍሎ፣ ለመግዣም ከፍሎ፣ «ዘንድሮ አደይ ተወደደ» ይላል።

ለንቦቹ ወቅቱ ብዙ ነገር ነው። መስከረምና ጥቅምት አደዩ፣ ማጩና ማገጡ ሲያብቡ ደጋው ሁሉ ድግስ ነው። ከዚያ በኋላ ነው ችጋሩ የሚጀምረው፤ ግራዋ ደግሞ የሚያብበው ልክ ያኔ፣ ታኅሣሥና ጥር ላይ ነው። የንብ ዕፅዋታችንን በአንድ ላይ አሰባስቦ በ1994 እ.ኤ.አ. የታተመው የራይንሃርድ ፊሽትልና የአድማሱ አዲ መጽሐፍ ይህን ነገር ተክል በተክል ያሳያል። በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚዋ አገራችን ናት። ሲ.ኤም.ሲ. ግን ማር የሚገባው በፕላስቲክ ባልዲ ነው፤ ገዢው ክብሪት እየጫረ፣ መሬት ላይ እያንጠባጠበ፣ ስኳር ነው አይደለም እያለ ይመረምራል። ስለ ባሕር ዛፍም ይህን ልበል፤ እሱን መስደብ ፋሽን ሆኗል። በምኒልክ ዘመን መጥቶ ይህችን ከተማ ከማገዶ እጦት ያዳናት እሱ ነው፤ አበባውንም ንብ ይወደዋል። ሥሩ ግን ሌላ ቅጠል እንደልቡ አያበቅልም፤ መሬቱ ራቁቱን ስለሚቀር ዝናቡ ሳይቆም ይወርዳል። የወረደውም እኛ ጋ ይመጣል።

ጥር ላይ ግራዋው አጠገብ ወንበር አውጥቼ ተቀምጬ አየሁ። አበባው ትንንሽ ነጭ ጥፍጥፍ ነው፤ ከሩቅ ምንም አይመስልም። ንቧ ግን ከአንዱ ጫፍ ጀምራ፣ አንድም ሳትዘል፣ ጭንቅላቷን እስከ አንገቷ እየነከረች ትወጣለች። የኋላ እግሯ ላይ የቋጠረችው ብናኝ እየወፈረ ይሄዳል። ሲከብዳት ትንሽ ትዛነፍና፣ አየር ላይ ዞር ብላ ወደ ተራራው ትነሣለች። ሌሎችም ነበሩ፤ ጥቁር፣ ጥቃቅን፣ ቀፎ የሌላቸው፣ ስማቸውን የማላውቅ። ከነዚህ ዓይነቶቹ ብዙዎቹ መሬት ቆፍረው ነው የሚኖሩት፤ ጣዝማም ቤቷ ከመሬት በታች ነው። ሊሾ በስተው አይገቡም።

የጉድጓዱ ፈተና የመጣው ነሐሴ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ በረዶ የቀላቀለ። በረዶው መጀመሪያ አሸንዳውን ደፈነው፤ ከዚያ ቀለጠና ውኃው በአንድ ጊዜ በቱቦው ወረደ። ገለባ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ የጄሪካን ክዳን እየገፋ ገባ። ቄጠማው እስከ ወገቡ ሰጠመ። ጋሼ ጃንጥላቸውን ይዘው መጡ፤ ጠብ ፍለጋ ሳይሆን ለመለካት። ዱላቸውን ነከሩበት።

«ስንት በስንት ነው?»

«አራት በሦስት፣ ጋሼ። ጥልቀቱ 20 ሳንቲ ሜትር።»

«ሁለት ነጥብ አራት ኪዩብ» አሉ ወዲያው። «2,400 ሊትር። ይኼ ዝናብ ሠላሳ ሚሊ ቢሆን ከጣሪያህ 3,000 ይመጣል። ቀሪው 600ስ?»

«የሚሰርግ አለ፣ ጋሼ። የተረፈው በመውጫው ይሄዳል።»

«ለእማማ» አሉ።

«ለእማማ። ግን ከ3,000ው ይሻላል።»

እማማ በበኩላቸው የፈሩት ወባ ነበር። ወባ በዚህ ብርድ አይቀመጥም፤ ትንኝ ግን ይኖራል። ትንኝ እንቁላል ጥሎ እስኪበር ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆመ ውኃ ይፈልጋል። የእኛ ጉድጓድ በማግስቱ ከሰዓት በፊት ባዶ ነበር፤ የቀረው ውኃው የት ድረስ እንደወጣ የሚያሳይ የቅጠል መሥመር ብቻ ነው። ሁለት ቀን አልፎ ውኃ ከቆመ አፈሩ በደንብ አልተለወጠም ማለት ነው፤ ቆፍሮ ማየት ነው።

ጋሼ ነገሩን ወደዱት። ጥቅምት ላይ ሴራሚካቸውን በጥግ በኩል አስነሥተው፣ ልክ እንደ እኛው አራት በሦስት አስቆፈሩ። ከዚያ መሐንዲስነታቸው አሸነፋቸው፤ ታቹን በኮንክሪት አስለሰኑት፣ ስሎፕም ሰጡት። ዘበኛችን አጥር ላይ ተንጠልጥሎ ሲያይ ቆየና «ይኼ የከብት ገንዳ ነው» አለ። ጋሼ ሰምተውታል። እስካሁን ኮንክሪቱን አላስነሡም፤ ከአሸንዳቸው ሥር ግን ሮቶ አስቀምጠዋል፤ መኪናቸውን በሱ ያጥባሉ። የእኛ ደጃፍ ኮብልስቶንም ከዚያ ወዲህ ረግቷል።

ግራዋና ስሚዛ በቅርንጫፍ ይጸድቃሉ፤ መግዛት አያስፈልግም። የሚፈልግ አንባቢ ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ መሬቱን ካራሰ በኋላ፣ ጎራ ብሎ ይቁረጥ፤ ዘበኛው የቱ እንደሚጸድቅ ያሳየዋል። ቄጠማውን ግን ለእንቁጣጣሽ እማማ ቀድመው ይዘውታል።